ከሐይቁ የወጡት ፈረሰኞች

የክያሪ ጥቁር ባዝራ የፊት እግሮቿን ውሃ ውስጥ ነክራ ቆመች። ከኋላዋ አሸዋ ነው፤ ከአሸዋው በላይ የቡላላ ፈረሰኞች ያስነሱት አቧራ እንደ ጢስ ተንጠልጥሏል። ከፊቷ ደንገል፣ ከደንገሉ ወዲያ ደግሞ ዳርቻው የማይታይ የቻድ ሐይቅ።

«እንግዲህ ወይ ዓሣ እንሁን፣ ወይ ዞረን እንዋጋ» አለ ሽማግሌው ቡካር፣ የጦሩን ጫፍ በልብሱ እየወለወለ። በካነም ጦር ውስጥ እንደ ቡካር ብዙ ውጊያ ያየ፣ እንደ እሱም ብዙ የሚቀልድ ሰው አልነበረም።

ክያሪ ካቸላ ነበር፤ የፈረሰኛ አለቃ። የካነም ሕዝብ ከጠላቶቹ ከቡላላዎች ሸሽቶ፣ ቤቱን አፍርሶ፣ ከብቱን ነድቶ፣ ሐይቁን በሰሜን ዞሮ ወደ ቦርኑ ሲሰደድ የክያሪ ሰዎች ደጀን ሆነው ከኋላ ቀሩ። ቡላላዎች ስደተኛው ላይ እንዳይደርሱ በየአሸዋው ክምር ተዋጉ። አሁን በሕይወት የቀሩት ስድስት ናቸው። ይባስ ብሎ የጠላት ዋናው ጦር እነሱን የሚያሳድድ ጥቂት ሰው ትቶ በጎን አልፏል። ወደፊት፣ ስደተኛው የግድ የሚያልፍበት፣ በአሸዋና በሐይቅ መካከል የተጣበበ አንገት አለ። ቡላላዎች ሕዝቡን እዚያ ካገኙት ይጨርሱታል። የክያሪ እናት፣ ሚስቱ ያጋናና ልጆቹ እዚያ ሕዝብ መሀል ናቸው።

«በመንገዱ ብንከተላቸው የምንደርሰው ለቀብር ነው» አለ ክያሪ።

«ታዲያ በየት ይኬዳል?» አለ አሪ። ከስድስቱ ትኩሱና ቁጡው እሱ ነበር።

ክያሪ ሐይቁን አየ። ሌሎቹም አዩ።

ከደንገሉ ውስጥ አንድ ሰው ሳቀ።

«ፈረሰኛ በውሃ ላይ! ኧረ ተዉ፣ ዓሣው በሳቅ ያልቃል!»

ደንገሉ ተከፈለና አንዲት ቀጭን፣ ረጅም ሴት በታንኳ ላይ ቆማ ብቅ አለች። የዓሣ ጦር ይዛለች። ከታንኳዋ ጎን አንድ ነጭ በሬ ውሃው ውስጥ እስከ ትከሻው ቆሞ ያመነዥካል፤ ቀንዶቹ እንደ ቅል የተነፉ፣ ከሰው ጭን የወፈሩ ናቸው። በሐይቁ ደሴቶች ላይ ከሚኖሩት ከይዲና ሰዎች በቀር እንዲህ ያለ ከብት የሚያረባ የለም።

«ይዲና!» አሪ ጦሩን አነሳ። «የከብት ሌባ!»

«ሌባስ ሌባ ነኝ» አለች ሴትዮዋ። «አንተ ግን ተባራሪ ነህ። የቱ ይሻላል?»

«አሪ፣ ጦርህን አውርድ» አለ ክያሪ። ወደ ሴትዮዋም ዞሮ፣ «ስምሽ ማነው?»

«ያካ።»

«ያካ፣ ሐይቁን ከእነ ፈረሶቻችን የሚያሻግረን ሰው እንፈልጋለን። እስከ ምዕራቡ አንገት ድረስ።»

«እኔ እናንተን አልወዳችሁም» አለች ያካ ሳታፍር። «እነዚያ አቧራ የሚያስነሱት ግን መንደሬን አቃጥለው ከብቶቼን በልተውብኛል። ይሄ ዶሎ ብቻ ዋኝቶ አመለጠ። አንተን ከምጠላው በላይ እነሱን እጠላለሁ። ይበቃሃል ወይስ ልማልልህ?»

«ይበቃኛል።»

«እንግዲያው ልብሳችሁን አውልቁ። ብረትም፣ ኮርቻም፣ የፈረስ ልብስም ታንኳ ላይ ይጫን። ፈረሶቹ የዶሎን ጀርባ እያዩ ይዋኛሉ፤ እናንተ የፈረሶቻችሁን ጅራት ትይዛላችሁ። አንተ አለቃው፣ መዋኘት ትችላለህ?»

«ፈረሴ ትችላለች።»

«እሷን አልጠየቅኳትም።»

ቡካር ሳቁን ማፈን አቃተው። ክያሪ ግን ጥሩሩን በዝግታ አወለቀ። ከብረት ቀለበት የተሠራ፣ አባቱና አያቱ የተዋጉበት ጥሩር ነበር። ከውጊያ ሜዳ ውጭ ሰው ነክቶት አያውቅም። አሁን በሁለት እጁ ተሸክሞ የደንገል ታንኳ ላይ አኖረው፤ ታንኳዋ በክብደቱ ዝቅ አለች።

ያካ ደንገል ውስጥ የደበቀቻቸውን ሁለት ታንኳዎች ጎትታ አወጣች፤ ዕቃው በሦስቱ ተከፍሎ ሁለቱ ከእሷ ታንኳ ኋላ በገመድ ታሰሩ። ከዚያ በሬውን በምላሷ ጠቅ፣ ጠቅ እያደረገች ጠራችው። ዶሎ አንገቱን ዘርግቶ ወደ ጥልቁ ገባ። ባዝራዋ ጆሮዋን አጣጥፋ አመነታች፤ ክያሪ ጆሮዋ ላይ አንድ ነገር ሹክ አላት፤ ተከተለችው። ሌሎቹም ፈረሶች እሷን ተከተሉ።

ያን ዕለት ከደሴት ደሴት እየዘለሉ ሄዱ። ፈረሶቹ አሸዋ ላይ ወጥተው ይንቀጠቀጣሉ፣ ሣር ይነጫሉ፣ ተመልሰው ይገባሉ። ሲመሽ አንድ ደሴት ላይ አደሩ፤ ያካ ያበላቻቸውን የደረቀ ዓሣ አሪ መጀመሪያ አልነካም ብሎ ነበር፣ በኋላ የሁለት ሰው ድርሻ በላ።

በማግስቱ ነፋስ ተነሳ። መጀመሪያ የደንገሉ ራስ ተርገበገበ፤ ወዲያው ሰማዩ ቀይ ሆነና ከበረሃው የመጣው አውሎ ነፋስ ሐይቁን ይገርፈው ጀመር። ሞገዱ የፈረሶቹን ራስ እየሸፈነ ይመለሳል። ክያሪ ውሃ ዋጠ፣ ተፋ፣ እንደገና ዋጠ። የባዝራዋን ጅራት በክንዱ ጠምጥሞ ያዘ።

«ወደ ቀኝ! ወደ ቀኝ በሉ!» ያካ ጮኸች።

ከግራ በኩል አንድ ሙሉ ደሴት እየመጣ ነበር። ነፋሱ የገነጠለው የደንገል መሬት፣ ከነሣሩ ከነወፉ፣ እንደ ተነዳ መንጋ ይገፋል። የዶሎ ቀንዶች ታጠፉ፤ ፈረሶቹ ተከትለው ታጠፉ። ከኋላ የነበረው አሪ ግን አልደረሰም። የደንገሉ ጠርዝ ገፋው፤ ፈረሱ ካጠገቡ ተፈናጥሮ ሄደ፤ እጁ ባዶ ቀረ።

ያካ ታንኳዋ ላይ ከተጫኑት የፈረስ ልብሶች አንዱን አንስታ ወረወረችለት። የካነም ሰዎች ፈረሶቻቸውን በውጊያ የሚያለብሱት ወፍራም ልብስ ነው፤ በጨርቅና በጨርቅ መካከል ከዛፍ ፍሬ የሚወጣ ለስላሳ ጥጥ ታጭቆ በስፌት የተመታ። ፍላጻ እንደሚመክት ሁሉም ያውቃል። እንደሚንሳፈፍ ግን ማንም አስቦት አያውቅም።

«እቀፈው! እንደ ሚስትህ እቀፈው!»

«ሚስት የለውም!» ቡካር ከሞገዱ መሀል ጮኸ። «አሪ፣ ልጄ፣ ተለማመድበት!»

አሪ ልብሱን አቅፎ፣ እያሳለ፣ እየተራገመ ተንሳፈፈ። ነፋሱ ሲያልፍ ፈረሱ በአንድ የአሸዋ ቁልል ላይ ቆሞ ሲጠብቀው አገኙት። አሪ ያካ ፊት ቆሞ አፉን ከፈተ።

«ተወው፣ ምስጋናህ ያንቅሃል» አለችው።

ከቀትር በኋላ በሁለት ደንገል መካከል ወደሚያልፍ ጠባብ ውሃ ደረሱ። ዶሎ በድንገት ቆመ። ከፊት ለፊት ውሃው ላይ ጥቁር ድንጋዮች የሚመስሉ ጀርባዎች ተኝተዋል።

«ጉማሬ» አለች ያካ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሴቶቹና ግልገሎቹ ናቸው። ወንዱ አይታየኝም። እንጠብቅ።»

«ፀሐይዋ አትጠብቀንም» አለ ክያሪ። «ሕዝቡ ዛሬ አንገቱ ላይ ነው። በዳር በኩል እንለፍ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ያንተ አገር አይደለም!»

ክያሪ ግን ባዝራዋን ወደ ዳር መራት። ያካ እየተሳደበች ታንኳዋን አስከተለች፤ ብቻውን እንዲያልፍ አልፈቀደችም። ግማሽ መንገድ እንደሄዱ ውሃው ከታንኳዋ ሥር ፈነዳ። ወንዱ ጉማሬ አፉን ከፍቶ ወጣ፤ ታንኳዋን መሀሏ ላይ ነክሶ ሰበራት። ያካ በአየር ላይ ተገልብጣ ወደቀች፤ ጥሩሩም ከእሷ ጋር ወደቀ።

ክያሪ በአንድ እጁ የባዝራዋን ጋማ ጨብጦ ጀርባዋ ላይ ወጣ። ቡካር ከሌላው ታንኳ ጦር ወረወረለት፤ ያዘው። ጉማሬው ወደ ያካ ሲዞር ክያሪ ባዝራዋን በመሀላቸው አስገባና ጦሩን በተከፈተው አፍ ውስጥ በሙሉ ኃይሉ ሰደደው። አውሬው አገሳ፤ ውሃው ደም መሰለ፤ ከዚያ ጀርባው ጠልቆ ወደ ደንገሉ ሸሸ።

ያካ የባዝራዋን አንገት ይዛ ትተነፍሳለች። ክያሪ እሷን አላየም። ጥሩሩ የሰጠመበትን ቦታ እያየ ከፈረሱ ሊወርድ እግሩን አነሳ። ያካ በቁርጭምጭሚቱ ያዘችው።

«ሐይቁ ብረትህን ጠጥቶታል። አንተን ልጨምርለት?»

«የአባቴ ነው።»

«አባትህ አሁን እዚህ ቢቆም የትኛውን አውጣ ይልሃል? ልጁን ወይስ ብረቱን?»

ክያሪ እግሩን መለሰ። ትንሽ ከሄዱ በኋላ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ «ጠብቅ ስትዪኝ መስማት ነበረብኝ» አለ።

«ነበረብህ» አለች ያካ።

የመጨረሻዋ ደሴት ላይ ሲወጡ ድምፁን ሰሙት። ከበሮ፣ ጩኸት፣ የፈረስ ሩጫ። ደንገሉን ገልጠው አዩ። አንገቱ ላይ የካነም እግረኞች ከአሸዋው እስከ ውሃው ተሰልፈዋል፤ የሰው ቁመት የሚሸፍኑ፣ ከቀላል የውሃ ዳር እንጨት የተሠሩ ጋሻዎቻቸውን ጎን ለጎን ገጥመው፣ ጦራቸውን በመሀሉ አሹልከው። ከኋላቸው ሴቶች፣ ሕፃናት፣ ግመሎች። የቡላላ ፈረሰኞች ሮጠው ይመታሉ፣ ይመለሳሉ፣ እንደገና ይመታሉ። የጋሻው ግንብ በተመታ ቁጥር አንድ እርምጃ ወደኋላ ይላል። ሰው ሲወድቅ ሌላው ይተካዋል፤ የሚተካው ግን እያነሰ ነው።

«ጋሻ የገጠሙት እነማን ናቸው?» አለ አሪ።

«የእኛ ናቸው» አለ ክያሪ። «ጫኑ!»

ፈረሶቹን ልብሳቸውን አለበሷቸው። ከላይ ረጥቦ ከብዷል። «ይሻላል» አለ ቡካር፣ «እርጥብ ጨርቅ ፍላጻ ይጠላል።» የሁሉም ሰው ዓይን ግን ባዶ ደረቱን ይዞ ኮርቻ ላይ በወጣው ካቸላ ላይ ነበር። ቡካር የራሱን ወፍራም የቆዳ ልብስ ሊያወልቅለት ጀመረ።

«ተወው አባ ቡካር። እነሱም ከሐይቅ ብረት የለበሰ ሰው አይጠብቁም።»

«ከሐይቅ ማንንም አይጠብቁም» አለች ያካ፤ ዶሎንም ጀርባውን መታ አድርጋ ወደ መጨረሻው ውሃ አስገባችው።

የቡላላው አለቃ ከሰዎቹ ጀርባ፣ ውሃው ዳር፣ ቀላ ባለ ፈረስ ላይ ተቀምጦ ነበር። ደንገሉ ሲንኮሻኮሽ ዞረ። እነዚያ የተነፉ ቀንዶች ከውሃ ወጥተው መጡበት። የበረሃ ፈረሱ እንዲህ ያለ ፍጡር አይቶ አያውቅም፤ በሁለት እግሩ ቆመና ሊጥለው ተወራጨ። ከበሬው ኋላ ውሃ የሚያንጠባጥብ ፈረስ ወጣ፣ ሌላ ወጣ፣ ሌላም።

«ካነም!» ብሎ ጮኸ ክያሪ።

ባዝራዋ እርጥቡን አሸዋ እየገመሰች ተወረወረች። አለቃው ጎራዴውን መዘዘ፤ ጎራዴው የክያሪን ትከሻ ቀደደ፣ የክያሪ ጦር ግን ከኮርቻው ነቅሎ ጣለው። አሪ ባንዲራ ያዡን መታ። ቡካር እየተሳደበ ሁለት ፈረሰኞችን በአንድ ጊዜ ገፋ። ቡላላዎች ዞሩ፤ አለቃቸው ወድቋል፣ ከደንገሉ ውስጥ ደግሞ ያካ ከቀሩት ታንኳዎች አንዱን በመቅዘፊያ እየደበደበች፣ እልል እያለች፣ አንድ ሺህ ሰው ያለ ታስመስላለች። ከጋሻው ግንብ ውስጥ አንድ ድምፅ «ካቸላ ክያሪ ነው!» ሲል ግንቡ ተከፈተ፤ እግረኛው እንደ ጎርፍ ወጣ። ቡላላዎች አሸዋው ላይ ተበተኑ፤ ግመሎቻቸውንም ጥለው ሄዱ።

ሕዝቡ አልቅሶ፣ ስቆ ሳይጨርስ፣ «የሪማ» የሚባለው የስደተኛው ጌታ በፈረስ መጣ። ለቀናት ያልበላ ሕዝብ ነው የሚመራው። ዓይኑ ዶሎ ላይ አረፈ።

«ይህን በሬ እረዱት። ሕዝቡ ይብላ።»

ሁለት ሰዎች ቢላዋ ይዘው ተጠጉ። ያካ የዓሣ ጦሯን ደቅና ቆመች። «ኑ! ማን ቀድሞ መሞት ይፈልጋል?»

«የይዲና ሌባ ናት» አለ የሪማ። «ከብቶቻችንን ስንት ዓመት ሲነዱ ኖሩ! ያዟት።»

ክያሪ ከትከሻው ደም እየፈሰሰ መጥቶ በመሀል ቆመ።

«ጌታዬ፣ ይህ በሬ አይታረድም።»

«ለምን?»

«መንገድ የመራን እሱ ነው። እኔ ጅራት ይዤ ነው የመጣሁት።»

አንዳንዱ ሳቀ። የሪማ አልሳቀም። «ለሌባ ብለህ በእኔ ላይ ትቆማለህ?»

«ሰው ናት፣ ጌታዬ። ያለ እሷ ሁላችሁም ሬሳ ነበራችሁ።»

አሪ መጥቶ ጎኑ ቆመ። ቡካርም መጣ፤ «ሥጋውም ቢሆን ጠንካራ ነው የሚመስለኝ» አለ። የቀሩት ሦስቱም ተከተሉ። ከዚያ ያጋና ሕፃኗን አዝላ ከሕዝቡ ወጣች፤ ባሏንም ሳታይ ሄዳ የበሬው አንገት ላይ እጇን አሳረፈች። አንዲት ሌላ ሴት ተከተለቻት፤ ሌላም።

የሪማ ሴቶቹን አንድ በአንድ አየ። በመጨረሻ ፈረሱን አዞረ። «ቡላላዎቹ በጣሉት ግመል ላይ ማሽላና ቴምር አለ» አለ። «እሱን አካፍሉ።»

ያካ አልተሰናበተችም። አንዷን ታንኳ ገፍታ ገባች፣ ዶሎን ጠራች፣ ደንገሉ ከኋላቸው ተዘጋ።

ወደ ማታ ሕዝቡ ሰፈረ። አሪ ጠባቂ ሊመድብ መጣ። «ካቸላ፣ በአሸዋው በኩል ሰው አቁሜያለሁ። በሐይቁ በኩል ስንት ላቁም? ያው እንደ ድሮው፣ ለይዲና?»

«በዚያ በኩል ማንንም አታቁም።»

«ከብቶቹስ?»

«አንድ ሁለት ቢጎድል አንሞትም» አለ ክያሪ። ያጋና ትከሻውን አጥብቃ አሰረችለት። ከዚያ ልጆቹ መሀል ተጋደመና፣ ጀርባውን ለሐይቁ ሰጥቶ፣ ጦሩንም አጠገቡ ሳያደርግ እንቅልፍ ወሰደው።