የወይራው ጉቶና ይብቃ ያላልኩት ሥራ

እኔ ሰው ሲሞት አበቃ የምል ሰው ነኝ፣ ቆርቆሮ ሲንኳኳ ንፋስ ነው፣ ጓሮ ኮሽ ሲል ድመት ነው፣ ጎረቤቶቼ ጠበል ሲረጩ እኔ ወጥቼ ድመቷን ነው የማባርረው፣ ሚስቴ በላይነሽ በሕይወት ሳለች «ያ ቱፋ፣ አንተ እኮ ዓይንህ ካላየ ፈጣሪንም አታምን» እያለች ትቆጣኝ ነበር። አሁን የምነግርህን ነገር ሌላ ሰው ቢነግረኝ «ጠጥተሃል፣ ሂድና ተኛ» እለው ነበር፣ ግን እኔ አልጠጣሁም፣ ጉበቴ ከከለከለኝ ቆይቷል፣ ደግሞም ጨለማ አልነበረም፣ ጠራራ ፀሐይ ነበር።

ቤቴ ሰበታ ነው፣ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ድሮ ጤፍ የምንዘራበት ቦታ አሁን ግራ ቀኙ ብሎኬት ሆኗል፣ ለእኔ የቀረኝ ቤቱና ጓሮው ነው። በላይነሽ ካረፈች ሦስት ዓመቷ ነው። ወዳጄ፣ ብቻውን የሚኖር ሰው እንዴት እንደሚበላ ታውቃለህ? ቆሞ ነው የሚበላው። መሶብ አያቀርብም፣ ከድስቱ ላይ ሁለት ሦስቴ ጎረስ ጎረስ አድርጎ ይከድነዋል። እኔ ሦስት ዓመት ቆሜ በላሁ።

አንዲት ልጅ አለችን፣ ጫልቱ። ከባሏ ከተለያየች ወዲህ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ተከራይታ ብቻዋን ትኖራለች፣ ሥራዋ ግን እዚሁ ሰበታ ፋብሪካ ነው፣ ጎህ ሳይቀድ ተነስታ ሦስት መኪና ቀያይራ ነው የምትደርሰው። ባለፈው ፋሲካ መጥታ «አባዬ፣ በሩ ለብቻው የሆነ አንድ ክፍል ጓሮ ይሥሩልኝና ዕቃዬን ጠቅልዬ ልምጣ፣ ክረምት ሳይገባ ካልደረሰ ግን የኪራይ ውሉን ለዓመት ማደሴ ነው» አለችኝ። ዓመት ለእሷ ቀላል ነው፣ በእኔ ዕድሜ ግን ዓመት ማን ይሰጠኛል?

ጓሮው ውስጥ ወይራ ነበረ። ግንዱን ራሴ ጣልኩት፣ ጉቶው ቀረ። ግንበኛው መጣ፣ አየው፣ ራሱን ነቀነቀ።

«ኦቦ ቱፋ፣ ይኼ እያለ መሠረት አልጥልም፣ ነገ ይበሰብስና ወለሉ ይሰምጣል፣ ከዚያ ስሜን ያጠፋሉ።»

«ወደዚያ ጠጋ አድርገው።»

«ወደዚያ እኮ ሽንት ቤቱ ነው፣ ልጅዎን ሽንት ቤት ላይ ሊያስተኟት ነው?»

ስለዚህ ጴጥሮስን ቀጠርኩ። ጴጥሮስ የወላይታ ሰው ነው፣ የሦስት ልጆች አባት፣ ዕድሜውን ሙሉ እንጨት ሲፈልጥና ጉቶ ሲነቅል የኖረ። ሁለት ቀን ዙሪያውን ቆፈርን፣ የጎን ሥሮቹን ሁሉ በጣጠስን፣ ድጅኖው ጎበጠ፣ የምሳሩ እጀታ ተሰብሮ ሌላ አስገባን፣ ጉቶው ግን ንቅንቅ አላለም፣ ዋናው ሥር ከሆዱ ሥር ቀጥ ብሎ ወደ ታች ነው የወረደው፣ የእኛ ምሳር አይደርስበትም።

«አባባ፣ የዚህ ዛፍ ሥር ተጂ ከተማ ሳይደርስ አይቀርም» አለኝ ላቡን እየጠረገ።

«ተጂ ከደረሰ ጤፍ ይዞልን ይምጣ» አልኩት።

በማግስቱ እሁድ ሆነ። «እኔ ጸሎት ቤት ነኝ፣ አንቱም ይረፉ፣ ጉቶው የትም አይሄድም» ብሎኝ ጴጥሮስ ሄዶ ነበር። ቸግሮኝ ነው እንጂ እኔም እሁድ መሬት እንደማይቆፈር አውቃለሁ። ግን ደመናው በፉሪ ተራራ በኩል መጠራቀም ጀምሮ ነበር፣ ክረምቱ ሊቀድመኝ ነው ብዬ ምሳሬን አንስቼ ጉድጓዱ ውስጥ ወረድኩ።

እዚህ ላይ ስለ በላይነሽ አንድ ነገር ልንገርህ። በላይነሽ ግራኝ ነበረች። እኔ በቀኝ፣ እሷ በግራ ስለሆንን አንድ ግንድ ላይ ፊት ለፊት ቆመን ስንፈልጥ ምሳራችን አይጋጭም ነበር፣ እኔ ጧ፣ እሷ ጧ፣ እኔ ጧ፣ እሷ ጧ፣ መንገደኛ ቆሞ ያየን ነበር። ካባቷ ቤት ያመጣችው ደንብም ነበራት፣ ደቦ የወጣ ሰው ባለ ሥራው «ይብቃ፣ እጃችሁን አያሳጣኝ» ሳይለው መሣሪያ አያስቀምጥም ይላሉ፣ እሷ ይኼን በገዛ ቤቷም ትጠብቅ ነበር። እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ፣ ሆን ብዬ ዝም እላታለሁ፣ አንድ ቀን ጨልሞ ዓይን ማየት እስኪያቅተው ድረስ ይብቃ አላልኩም፣ እሷም አላቆመችም፣ በኋላ ሁለታችንም ሳቃችን መጣ። በመጨረሻዋ ሳምንትም፣ ደክማ መቆም አቅቷት ሳለ፣ ምስር ካልለቀምኩ ብላ ሰፌዱን ጭኗ ላይ አድርጋ ቀና ብላ አየችኝ። ምን እንደምትጠብቅ አውቄያለሁ። አላልኳትም። ብላት የምትሄድ መሰለኝ።

እና ያን እሁድ ቀትር ላይ ብቻዬን እመታለሁ፣ ጧ። ከእኔ ቀጥሎ ሌላ ጧ ሰማሁ። የብሎኬቱ አጥር ነው ድምፄን የሚመልሰው አልኩ። መታሁ፣ መታ። መታሁ፣ መታ። ደከመኝና ቆምኩ። ከቆምኩ በኋላ አንድ ጊዜ መታ።

እመነኝ፣ የገደል ማሚቶ ማንም ሳይጮህ አይመልስም። በአጥሩ ላይ ተንጠልጥዬ ጎረቤት ጋ አየሁ፣ በሩ በቁልፍ ተዘግቷል፣ ሰንበቴ ሄደዋል፣ ውሻቸው ጥላ ሥር ተኝቷል፣ ጆሮውን ወደ እኔ ጓሮ ቀስሯል። ተመለስኩና ለሙከራ በስሱ ነካ አደረግኩት። ከታች የመጣው ግን ጠንካራ ነበር። እጄን ጉቶው ላይ አኖርኩ፣ እኔ ሳልነካው ነዘረ። ጧ። ትንሽ ቆይቶ ጧ። ገና አሁን የተቆረጠ የወይራ ሽታ ከሥር መጣ፣ የጉድጓዱም አፈር በጉቶው ጠርዝ በኩል እየተንሸራተተ ወደ ታች ይገባ ጀመር።

መሸሽ ነበረብኝ፣ ሌላ ሰው ቢሆን ይሸሽ ነበር። እኔ ግን ክንዴ ምቱን ያዘው። እውነቱን ልንገርህ፣ አልፈራሁም፣ ከሦስት ዓመት ወዲህ ብቻዬን ያልሆንኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እኔ ጧ፣ ከታች ጧ፣ ስንት ሰዓት እንደፈጀብን አላውቅም፣ ጥላው ዞረ፣ በመጨረሻ ጉቶው እንደደከመው ሰው ዘንበል አለና ቁጭ አለ።

ከዚያ ዝም አለ። ያን ዝምታ አውቀዋለሁ፣ አንድ ቃል የሚጠብቅ ዝምታ ነው። «ይብቃ» አላልኩም። ምሳሩን እዚያው ጥዬ ቤት ገባሁ፣ መሶቡን አቀረብኩ፣ ቁጭ ብዬ በላሁ።

ሰኞ ጴጥሮስ መጣ፣ በድጅኖ ገፋ ሲያደርገው ጉቶው ተገለበጠ። ዋናው ሥር የሰው ጭን ያክላል፣ ለሁለት ተቆርጧል። ጎንበስ ብሎ በጣቱ ዳሰሰው።

«አባባ፣ ትናንት ማንን አምጥተው ነበር?»

«ማንን አመጣለሁ፣ ብቻዬን ነኝ።»

«ይኼ ከላይ የተመታ አይደለም፣ ምሳሩ ከታች ወደ ላይ ነው የገባው፣ ይዩት» አለኝና በሌላው ጎን ዞሮ አይቶት «የመታው ግራኝ ነው ደግሞ» አለ።

ጉድጓዱን አየን። ከሥሩ በታች ድፍን ቀይ አፈር ነው፣ ዋሻ የለው፣ ቀዳዳ የለው። ጴጥሮስ «በኢየሱስ ስም!» ብሎ አካፋውን አነሳ፣ ቀና ሳይል ጉድጓዱን ሞላው፣ ምሳ ብዬ ብለምነው እምቢ ብሎ ሄደ።

ክፍሉ ደረሰ፣ ወለሉ ሲሚንቶ ሆነ፣ ጫልቱም ዝናቡ ሳይበረታ ገባች። ማታ ማታ አብረን ቁጭ ብለን እንበላለን፣ ሥራ ቦታ ያጋጠማትን ታወራኛለች፣ አንዳንዴ አጉርሳኝ ትስቃለች፣ ይኼን ነበር የምፈልገው። በመጀመሪያው እሁድ ግን ቀትር ላይ ወጥታ «አባዬ፣ ይኼ ጎረቤት በሰንበት ቀን እንጨት የሚፈልጠው ምን ሆኖ ነው?» አለችኝ። «ቸግሮት ነው» አልኳት። ጎረቤታችን የሚያበስለው በኤሌክትሪክ ነው።

እሷ ሥራ ስትሄድ ቀትር ላይ እገባለሁ፣ አልጋዋ አጠገብ ተንበርክኬ መዳፌን ወለሉ ላይ አኖራለሁ። ጧ። ትንሽ ቆይቶ ጧ። በላይነሽ ናት አልልህም፣ አላየሁም፣ ያላየሁትን አልናገርም። አንድ ቃል ብናገር እንደሚያቆም ግን አውቃለሁ። አፌን እከፍታለሁ፣ ከዚያ እዘጋዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ከአልጋው እግር ሥር እንደ ክር የቀጠነች ስንጥቅ አየሁ። ግንበኛው «ሲሚንቶው ሲደርቅ ነው ኦቦ፣ አያስቡ» አለኝ። እኔ የማስበው ሌላ ነው። ጉቶው እኮ ወጥቷል፣ ሥሩም ተቆርጧል፣ አሁን የሚቆረጠው ምንድን ነው?

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ነገ ጫልቱ ሥራ የላትም፣ ቀትር ላይ እዚያ አልጋ ላይ ጋደም ትላለች። «ይብቃ» የሚለውን ቃል እስካሁን አላልኩትም።