እጄን ላሳርፍ?

«እጄን ላሳርፍ?»

ኮልተን ለዴላ የተናገራት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር። ሰላምታ የለ፣ ስም የለ። ዴላ በቁምጣና በቲሸርት ጠባቡ የመማሪያ አልጋ ላይ በሆዷ ተኝታ ነበር። እንዲህ ብሎ የጠየቃት ወንድ ስለሌለ ሳቋ አመለጣት።

«ምን ያስቃል? ደንቡ ነው» አለ ግራ ገብቶት።

«አውቃለሁ። አሳርፍ።»

አሳረፈ። ዴላ ከአልጋው ብድግ ልትል ምንም አልቀራት።

«በረዶ ስትጨብጥ ነው እንዴ ያረፈድከው?»

«ፈርቼ ነው። ስፈራ እጄ ይቀዘቅዛል።»

በአሜሪካ፣ በምሥራቅ ኬንታኪ ተራሮች መካከል ፈርቻለሁ የሚል ወንድ ብዙ አልገጠማትም። ያን ቀን ወደደችው ማለት ይከብዳል። አልጠላችውም ማለት ግን ይቻላል።

በኦስቲዮፓቲ ትምህርት ቤት ተማሪው እንደ ማንኛውም ሐኪም መድኃኒቱንም ቀዶ ጥገናውንም ይማራል። በዚያ ላይ ግን እጁ ሕመም ፈልጎ እንዲያገኝ ይሠለጥናል፤ የሚለማመዱትም እርስ በርስ ነው። አንዱ ይተኛል፣ ሌላው ይዳስሳል፣ ከዚያ ይቀያየራሉ። ከመንካት በፊት መጠየቅ ግዴታ ነው። አስተማሪያቸው ዶክተር ሃስኪንስ፣ ጸጉራቸው የሸበተ ረጋ ያሉ ሴት፣ ሳይጠይቅ የነካውን ከክፍል ያስወጣሉ።

ሁለቱ ጥንድ ሆነው ቀሩ። ለልምምድ የሚሆን ታጣፊ አልጋ በጋራ ገዝተው ዴላ ቤት አስቀመጡት። ኮልተን ለጥናት ሲመጣ ቦሎቄና የበቆሎ ዳቦ ይዞ ነው።

«ብዪ እንጂ። እንዲህ ከቀጠልሽ አጥንት ለማጥናት መጽሐፍ አያስፈልገኝም» ይላታል።

«አንተ ደግሞ ያለ መጽሐፍ ብታልፍ ዓለም ጉድ ይላል።»

ትስቃለች፣ ግን አትበላም። ቅጠሉ መርገፍ ከጀመረ ወዲህ እንቅልፍ ከዳት። ያነበበችው አይገባትም። ጠዋት መኪናዋ ውስጥ አልቅሳ፣ ፊቷን ጠርጋ ነው ክፍል የምትገባው። የአባቷን ሳምባ የከሰል ማዕድን አቧራ በልቶታል። የሰፈሯ ሰው በየእሁዱ ቤተ ክርስቲያን ስሟን እየጠራ ይጸልይላታል፤ ከአሁኑ «የኛ ዶክተር» ይሏታል። ለእነዚህ ሰዎች ደከመኝ ማለት እንዴት ይቻላል? ትምህርት ቤቱም ካወቀ ያባርረኛል ብላ ታምናለች።

የጎድን አጥንት የሚዳሰስበት ቀን ደረሰ። ዶክተር ሃስኪንስ አልጋቸው አጠገብ ቆሙ።

«ኮልተን፣ ምን አገኘህ?»

ኮልተን በእጁ ኩራት ተሰምቶት ነበር። «የግራ ጎኗ ስትተነፍስ አይከፈትም። ባለፈው እንዲህ አልነበረም። እንቅልፍ የላትም... እያለቀሰችም ነው የምትመጣው።»

በየአልጋው የነበሩት ሁሉ ዞረው አዩዋት።

«የመጀመሪያው ጥሩ ግኝት ነው» አሉ ዶክተሯ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የቀረውን ግን እጅህ አላገኘውም።»

ዴላ ተነሥታ ጫማዋን ሳታስር ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ደረሰባት።

«ዴላ፣ ተጨንቄ እኮ ነው...»

«ማርክ ለማግኘት ነው! ለመንካት ሁልጊዜ ትጠይቀኛለህ። ለመናገር ግን አልጠየቅከኝም።»

መልሱን ሳትጠብቅ ጥላው ሄደች።

በማግስቱ ሌላ የልምምድ ጓደኛ ተሰጣት። ደግ ልጅ ናት፤ ጀርባዋን ለስለስ አድርጋ ዳሰሰችና «ምንም የለሽም፣ ደህና ነሽ» አለቻት። ዴላ ትራሱ ውስጥ ጥርሷን ነከሰች። ደህና ነሽ መባል እንዲህ እንደሚያም አታውቅም ነበር። በዚያው ሳምንት ለኮልተን መልእክት ላከች፦ «አልጋውን መጥተህ ውሰድ። ትምህርቱን ትቼ ወደ ወላጆቼ ልመለስ ነው።»

ቅዳሜ ጠዋት መጣ። ዕቃዋ በካርቶን ታሽጓል። አልጋውን ሳይነካ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ።

«ልናገር?»

ዴላ የያዘችውን ካርቶን አስቀመጠች። «ተናገር» አለች።

«የመጀመሪያ ዓመትን ስማር ይህ ሁለተኛዬ ነው። አምና ከመኝታዬ መነሣት አቅቶኝ አቋርጬ ሄድኩ። ክፍል ውስጥ ስንቱ እጅ ጀርባዬ ላይ አርፏል፤ ሁሉም ደህና ነህ ይሉኛል። ያንቺን ያወቅሁት ጎበዝ ሆኜ አይደለም። የራሴን ስለማውቀው ነው።»

«አባረሩህ?»

«ማን ያባርረኛል? አንድም ሰው ሳላናግር በራሴ ሄድኩ። ተመልሼ ስናገር ነው መንገድ የፈለጉልኝ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አፈርኩ። የራሴን ደብቄ ያንቺን አደባባይ አወጣሁት። ይቅር በይኝ።»

ዴላ ካርቶኑ ላይ ቁጭ አለች። ሰው ፊት ስታምቀው የከረመችው እንባ መጣ።

«ደክሞኛል፣ ኮልተን። በጣም ደክሞኛል።»

ለሰው ስትናገረው የመጀመሪያዋ ነበር። ኮልተን ተነሣ፤ ግን አልቀረባትም።

«እጄን ላሳርፍ?»

እሺ በሚል ራሷን ነቀነቀች።

«በቃል ነው የሚባለው።»

«አሳርፍ» አለች እያለቀሰች።

ግራ ጎኗ ላይ ያረፈው እጁ በረዶ ነበር። ዴላ በእንባዋ መሀል ሳቀች።

«ፈርተሃል?»

«በጣም። ትሄጂብኛለሽ ብዬ።»

እጁን እስኪሞቅ ድረስ አላነሣም። ቀስ በቀስ የግራ ጎኗ ተከፈተ። ዴላም ያን ያህል አየር መሳብ እንደምትችል ረስታው ነበር።

ሰኞ ራሷ ሄዳ አማካሪዋን አነጋገረች፤ ኮልተን በሩ ላይ ጠበቃት። የሚሰጣት ትምህርት ተቀነሰላት፣ የምትጨርስበትም ጊዜ በአንድ ዓመት ተራዘመ። ለእናቷ ደውላ አንድ ዓመት ዘግይታ እንደምትጨርስ ነገረቻቸው።

«ልጄ፣ መቼ ትጨርሻለሽ ብሎ ማን ጠየቀሽ?» አሉ እናቷ። «እሁድ ነይና እንቅልፍሽን ተኚ።»

ጸደይ ሲገባ ታጣፊውን አልጋ በረንዳው ላይ ዘረጉት። ተራው የኮልተን ነበርና በጀርባው ተኛ።

«እጄን ላሳርፍ?»

«አሳርፊ።»

ደረቱ ላይ አሳረፈች። የዕለቱ ትምህርት ግን ስለ ጉልበት መገጣጠሚያ ነበር።

«ልብህ ይሮጣል» አለችው።

«አውቃለሁ። ለክፍሉ እንዳትናገሪ።»

«ሳልጠይቅህ አልናገርም» አለችና ወደ ፊቱ ጎንበስ አለች።

«ፈቅጃለሁ» አለ ኮልተን።

«ገና ምን ጠየቅሁህ?»

«እንግዲያው ጠይቂኝ።»

ጠየቀችው።