የጋሽ ውሃልክ ኮፍያ

መጀመሪያ የተሰማው የከባድ መኪና ጎማ ሲፈነዳ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ነበር። ተከትሎት ቀጭን ፉጨት መጣ። ፉጨቱ በጠርሙስ ፋብሪካው ግድግዳዎች መካከል እየተሹለከለከ ቢሮዎቹ ድረስ ዘለቀ፤ ሰው ሁሉ ባለበት ደርቆ አዳመጠው። ከዚያ ድንገት ቆመ። ሰዎች መሮጥ የጀመሩት ፉጨቱ ሲቆም ነው።

አዲሱ የአየር ማድረቂያ ከጣውላ ሣጥኑ ግማሽ ድረስ ወጥቶ አዳራሹ መካከል ቆሟል። ከጎኑ ቧንቧ ገጣጣሚው ጋሽ ውሃልክ በጀርባቸው ተዘርግተዋል። የቧንቧው አፍ የተከደነበት ክብ ብረት ተስፈንጥሮ ከግንባራቸው በላይ፣ ፀጉራቸው መሐል መትቶ ገድሏቸዋል። መፍቻው እጃቸው ውስጥ፣ ጥቁር ሰማያዊ ኮፍያቸው ራሳቸው ላይ ነበር። ደረት ኪሳቸው ውስጥ ያለችው፣ የዕቃን ቀጥ ማለት የሚለኩባት ውሃልክ ያ ሁሉ ሆኖ አልተሰበረችም። ቅጽል ስማቸው ከእሷ የመጣ ነው፤ ምሳ የሚበሉበትን ጠረጴዛ እንኳ ሳይለኩ አይቀመጡም እየተባለ ይቀለድባቸው ነበር።

የፖሊስ መርማሪዋ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደረሰች። ሃምሳውን የተሻገረች፣ አጭር፣ ስትራመድ ኮቴዋ የማይሰማ ሴት ናት። ማስታወሻ አትይዝም። ሰው ሲያወራት ዓይኗን ጨፈን ስለምታደርግ ብዙዎች የተኛች ይመስላቸውና ያላሰቡትን ይናገራሉ።

የፈረቃ አለቃው ለብቻዋ ወስዶ ነገሩን አስረዳት። በቧንቧ የሚሄደው የታመቀ አየር እርጥበት እየያዘ ጠርሙሶቹን ስላበላሸ ማድረቂያው ታዘዘ፤ ዛሬ ጠዋት በመኪና መጣ፤ ጋሽ ውሃልክ ከዋናው ቧንቧ ጋር ሊያገናኙት ክዳኑን እየፈቱ ነበር። አየሩ የሚዘጋው ከግድግዳው ወዲያ፣ አየሩ በሚታመቅበት ኮምፕረሰር ክፍል ውስጥ ባለው ቀይ ቫልቭ ነው። እዚህ ቤት ደግሞ የትም ያልተጻፈ፣ ከማሽኖቹ የሚበልጥ ዕድሜ ያለው ደንብ አለ። ቧንቧ የሚነካ ሰው ቫልቩን ይዘጋና ኮፍያውን በማዞሪያው መዘውር ላይ ይሰቅላል። ኮፍያ የተሰቀለበትን ቫልቭ፣ ሥራ ቢቆም እንኳ፣ ማንም አይከፍትም። የሰቀለው ራሱ ያወርደዋል።

«ኮፍያቸው ግን ራሳቸው ላይ ነው» አለ አለቃው። «መስቀሉን ረሱት ማለት ነው። ሠላሳ ዓመት የሠሩ ሰው ረሱ። ሪፖርቱንም እንደዚያ ብዬ ጀምሬዋለሁ።»

«አይጨርሱት» አለችው።

ወደ ሬሳው ተመልሳ ተንበረከከች። ኮፍያውን በሁለት ጣቷ አንስታ ገለበጠችው። ውስጡ፣ ጠርዙ አካባቢ፣ እንደ ጥፍር የቀጠነ ቀይ መስመር ነበረበት። አለቃው ከኋላዋ ሆኖ ደም መሆኑን ነገራት። በጥፍሯ ፋቅ አድርጋ አሸተተችው፤ ተነሳችና ኮምፕረሰር ክፍሉን አሳዩኝ አለች።

ክፍሉን የምትጠብቀው የሟቹ ልጅ ናት። ሙያውን ያስተማሯት አባቷ ናቸው። የዘይት በርሜል ላይ ተቀምጣ ቀኝ መዳፏን ትመለከት ነበር። መዳፏ ቀልቷል። የቫልቩ መዘውር ለአዲሱ ማሽን ክብር ተብሎ ማለዳ ቀለም ተቀብቶ ኖሯል፤ እስካሁንም ያጣብቃል።

«የከፈትኩት እኔ ነኝ» አለች ልጅቷ፣ ሳትጠየቅ። «ሌላ ሰው አትፈልጉ።»

መርማሪዋ አጠገቧ ከመሬት ተቀመጠች። ልጅቷም ሁሉንም ተናገረች። አራት ሰዓት ገደማ ለኮምፕረሰሩ ማጣሪያ ልትወስድ ስቶር ሄዳ ነበር፤ ስትወጣ ቫልቩ ገና አልተዘጋም። የስቶሩ መስኮት ተዘግቶ አገኘችው። አንኳኳች፣ ጠበቀች፤ አሥር ደቂቃ ያህል ቆማ በግቢው በኩል ተመለሰች። እንደገባች ስልኩ ጮኸ። አለቃው ነው፤ ማሽኖቹ አየር አጡ፣ ኮፍያው ከወረደ ክፈቺ አላት። ቀና ብላ አየች። መዘውሩ ባዶ ነው። ከፈተች። ድምፁን ስትሰማ መልሳ ዘጋች። መዝጋቱ ከመክፈቱ ይልቅ ብዙ ጊዜ ወሰደባት።

«አባቴ ሳይጨርስ ኮፍያውን አያወርድም» አለች። «አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ። አባቴ ረስቶ ነው? ወይስ ተሰቅሎ እኔ ሳላየው ቀርቼ ነው? ሁለቱም ያው እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ንገሩኝ።»

«ከመምሸቱ በፊት እነግርሻለሁ» አለች መርማሪዋ። ከዚያ ለሁሉም ልትጠይቀው ያሰበችውን ጥያቄ እሷንም ጠየቀቻት። ቫልቭ ላይ የተሰቀለ ኮፍያ ብታይ ምን ታደርጊያለሽ? ልጅቷ ጥያቄው ሞኝነት ሆኖባት፣ ምን አደርጋለሁ፣ አልነካውም አለች።

አለቃውም ያንኑ መለሰ። የዕቃ ማንሻ መኪናው፣ የፎርክሊፍቱ ነጂ ግን ጨመረበት። ይህ ሰው በግቢው «ሹካ» ተብሎ ይጠራል፤ ቀልደኛ ነው፤ ዛሬ ግን ቀልዱ አልመጣ ብሎታል።

«የጋሽ ውሃልክን ኮፍያ ከምነካ የትራንስፎርመር ሽቦ ብልስ ይሻለኛል» አላት። «እሜቴ፣ እኔ የገደልኳቸው በሌላ በኩል፣ በሣጥኑ ነው።»

ዓይኗን ጨፈን አደረገች። ሹካ አፈሰሰው። ሣጥኑን ከመኪናው ሲያወርድ የፎርክሊፍቱን ሁለት ሹካዎች ከሥሩ እስከ ዳር አላስገባቸውም ነበር። ሣጥኑ አዘመመ፤ ግድግዳ ደግፎት ተረፈ እንጂ መሬት ይወድቅ ነበር። ሣጥኑ ላይ፣ ዕቃው ካዘመመ ወደ ቀይ የሚለወጥ ምልክት ተለጥፏል። ቀላ። ያዩትን ጋሽ ውሃልክን ዝም በሉልኝ ብሎ ለመናቸው። እሳቸው ሳቁበት። ሣጥኑ ሲያዘምም የማሽኑ ዘይት ከቦታው ይሄዳል፤ እስከ ነገ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ቧንቧውን አገናኛለሁ እንጂ ዛሬ አላስነሳውም አሉ። የርክክቡ ወረቀት ላይም መጻፍ አለበት ብለው ምልክቱን ልጠው ኪሳቸው ከተቱት።

«ፍንዳታውን ሰምተህ ስትገባ ሰው ነበር?»

«ማንም። በውጭው በር የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ። እሳቸው ብቻ፣ ኮፍያቸውን አድርገው።» ሹካ የራሱን ራስ በእጁ ዳሰሰ። «ተኝተው እንኳ ኮፍያቸው ቀጥ ብሎ ነበር። አሁን ይሄ ይቀለድበታል?»

የመጨረሻዋ ተጠያቂ ስቶር ኪፐሯ ነች። እዚህ ከተዛወረች ሦስት ሳምንቷ ነው፤ ከመደርደሪያዎቿ መሐል ብዙም አትወጣም፤ ሰዎች እትዬ ይሏታል እንጂ ገና አልለመዷትም። መርማሪዋ የርክክቡን ወረቀት አየችው። «በመልካም ሁኔታ ተረክቤአለሁ» ይላል፤ ፊርማው የተፈረመው ሣጥኑ ከመኪናው ሳይወርድ ነው። ስቶር ኪፐሯ አልካደችም። ሹፌሩ ጥሩንባ ያምባርቃል፣ አለቃው ፈርሚለትና ይሂድ ይላል፤ እዚህ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚፈርመው ተባለችና ፈረመች። ጋሽ ውሃልክ መጥተው በትሕትና፣ እትዬ ይህ ይታረም፣ አለበለዚያ በኋላ የሚጠየቀው ሌላ ሰው ነው ብለዋት ሄዱ። አራት ሰዓት ላይ የት ነበርሽ ስትባል ከመደርደሪያው ጀርባ ብሎን ስቆጥር አለች።

በስተመጨረሻ ያቺ ጥያቄ ቀረበችላት። ኮፍያ ቫልቭ ላይ ተሰቅሎ ብታዪስ?

ስቶር ኪፐሯ በግርምት አየቻት። «ለባለቤቱ እወስድለታለኋ። ሌላ ምን ይደረጋል?»

መርማሪዋ ዓይኗን ገለጠች። አመስግና ከመውጣቷ በፊት የዕቃ ወጪ መጠየቂያ ወረቀቶች የሚታሰሩበትን መዝገብ ለአንድ ሰዓት እንድታውሳት ለመነቻት።

ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ አራቱንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሬሳው ተነስቷል። ማድረቂያው እንደቆመ ነው። ሰው ሁሉ ማሽኑን ላለማየት የራሱን ጫማ ያያል። ስቶር ኪፐሯ ከጠዋቱ ሌላ ሰው ሆናለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። በምሳ ሰዓት የኮፍያው ደንብ ሲወራ ሰምታ ነበር።

መርማሪዋ ኮፍያውን ገልብጣ መሬት ላይ አስቀመጠችው።

«ጋሽ ውሃልክ የተመቱት ፀጉራቸው መሐል ነው፤ አጥንቱ ገብቷል እንጂ አልደማም» ብላ ጀመረች። «ይህ ኮፍያ ግን ደህና ነው። አልተቀደደም፣ አልተጨፈለቀም። ብረቱ ሲመታቸው ኮፍያው ራሳቸው ላይ አልነበረም። ሰው ነው ያጠለቀላቸው፤ ከሞቱ በኋላ።»

አለቃው ቀዩን መስመር ሊያስታውሳት አፉን ከፈተ። ቀደመችው። መስመሩ ደም ሳይሆን ቀለም ነው፤ የዛሬው፣ የመዘውሩ ቀለም። ቀለሙ የተቀባው ማለዳ ከሆነ ኮፍያው መዘውሩ ላይ የተሰቀለው ዛሬ ነው። ጋሽ ውሃልክ ቫልቩን ዘግተዋል፤ ኮፍያቸውን ሰቅለዋል፤ እንደ ደንቡ ሁሉን አድርገዋል።

ወደ ልጅቷ ዞረች። «አባትሽ አልረሱም። አንቺም ስታዪው መዘውሩ ባዶ ነበር። ዓይንሽ አልሳተም።»

ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች። ፊቷ ላይ እፎይታ የመሰለ ነገር አልታየም።

«እንግዲህ አንድ ሰው አውርዶታል» ቀጠለች መርማሪዋ። «ደንቡን የሚያውቅ ሰው ኮፍያ የሚያወርደው ሊገድል ከፈለገ ብቻ ነው። ሊገድል የፈለገ ደግሞ ኮፍያውን ይዞ አይጠብቅም፤ ይከፍትና ይሄዳል። ስለዚህ ደንቡን የማያውቅ ሰው ፈለግሁ። ሦስታችሁ አንነካም አላችሁ። አንዷ ግን ለባለቤቱ እወስድለታለሁ አለችኝ። እንደዚያ የሚመልስ ኮፍያው ምን እንደሆነ ያልነገሩት ሰው ነው። የእሷ መስኮት ደግሞ አራት ሰዓት ላይ ተዘግቶ ነበር፤ ከመደርደሪያው ጀርባ ብትሆን ኖሮ አሥር ደቂቃ ሲንኳኳ በሰማች። ከዚህ አዳራሽ ወደ ስቶር በር አለ። በውጭው በር ሹካ ገባ፤ ከኮምፕረሰር ክፍል በሚያመጣው ኮሪደር ልጅቷ መጣች። ኮፍያውን ያጠለቀው ሰው የወጣው በቀረው በር ነው።»

ስም መጥራት አላስፈለጋትም። ስቶር ኪፐሯ መናገር የጀመረችው ቆማ ነው፤ ስትጨርስ ሣጥኑ ላይ ተቀምጣ ነበር። ከቀድሞ ቦታዋ ያዛወሯት እንዲህ ሳታይ በፈረመችው ወረቀት ምክንያት ነው። ሁለተኛ ከተገኘባት ሥራዋን ታጣለች። ጋሽ ውሃልክን ልትለምናቸው ወጣች። ኮምፕረሰር ክፍል ስትገባ ማንም የለም፤ ኮፍያው ግን ተሰቅሏል። ረስተውት ይሆናል፣ ይዤላቸው ብሄድ ደስ ይላቸዋል፣ ወሬ ለመጀመርም ይመቸኛል ብላ አወረደችው። ያን ጊዜ የሟቹ ልጅ የእሷን መስኮት እያንኳኳች ነበር።

«ወዲያው ብሄድ ኖሮ ኮፍያዬን ለምን አመጣሽው ይሉኝ ነበር፤ ሮጠው ይወጡ ነበር» አለች። «አልሄድኩም። ኮሪደሩ ውስጥ ቆሜ የምለውን ሳጠና ነበር። ‹አባቴ፣ ልጆች አሉኝ› ልበል፣ ወይስ ‹ዛሬን እለፉኝ› ልበል እያልኩ። ኮፍያቸውን በእጄ እያሻሸሁ።»

ድምፁን ሰምታ ገባች። አየሩ ገና እየጮኸ ነበር። ባዶ ራሳቸውን ማየት አልቻለችም፤ አጠለቀችላቸውና በስቶሩ በር ሸሸች።

«ጠዋት አላወቅሽም» አለች መርማሪዋ። «ከምሳ በኋላስ?»

«ከምሳ በኋላ አውቄያለሁ።» አለች ስቶር ኪፐሯ። «ረሱ ሲባል ዝም አልኩ። የሞተ ሰው ምን ይሆናል ብዬ።»

አለቃው እዚህ ላይ ሊቆጣ ሞከረ። ሰው እንዴት ይህን ደንብ ሳያውቅ ሦስት ሳምንት ይሠራል አለ። መርማሪዋ ከመዝገቡ ያወጣችውን አንድ ወረቀት ሰጠችው። የጋሽ ውሃልክ የእጅ ጽሕፈት ነው። ቀድሞ የደረሰው የአዲሱ ማሽን መመሪያ ቫልቭ በቁልፍ ይታሰር ስለሚል፣ ኮፍያ ደግሞ ለማያውቅ ሰው ኮፍያ ብቻ ስለሆነ፣ አራት ጓጉንቸርና «አትክፈቱ» የሚል ጽሑፍ ይሰጠኝ ይላል። የተጻፈው ስቶር ኪፐሯ ከመምጣቷ ከወር በፊት ነው። ጓጉንቸሮቹ ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከነፕላስቲካቸው አሉ። ከወረቀቱ ግርጌ በአለቃው እጅ አንድ ቃል ተጽፏል፤ «ይቆይ»።

አለቃው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። ሊያጥፈው ጀምሮ መልሶ ዘረጋው።

«ሪፖርቱን አሁን መጨረስ ይችላሉ» አለችው መርማሪዋ። «ይችንም ቃል ይጨምሩበት።»

ሹካ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ነበር። እኔ ሣጥኑን ባላዘምም ኖሮ እትዬ ምን ያስወጣት ነበር አለ ለራሱ።

ስቶር ኪፐሯ ተነስታ ልጅቷ ፊት ቆመች። እጇን ልትይዝ ፈልጋ ተወችው። «ልጄ፣ ስደቢኝ» አለች። «ወይ ምቺኝ። አንድ ነገር በዪኝ እንጂ።»

የልጅቷ ፈረቃ ሊያልቅ ሁለት ሰዓት ይቀረዋል። መርማሪዋ ቃልሽ ላይ ፈርሚ ብላ እስክሪብቶ ዘርግታላታለች። ልጅቷ ተነሳች፤ እስክሪብቶውን አልተቀበለችም፤ በሴትዮዋና በአለቃው መካከል አልፋ በውጭው በር ወጣች። ሹካ ላድርስሽ እያለ ጥቂት ተከተላትና ቆመ። በግቢው መሐል፣ ባዶ ጠርሙስ በተቆለለባቸው መደርደሪያዎች ጎን፣ ሳትፈጥን ሳትዘገይ ስትሄድ ሁሉም ከበሩ ሆነው አዩአት። ዘበኛው ወዴት ነው፣ መውጫ ወረቀትሽስ ብሎ ጠየቃት። በሩን ራሷ ከፍታ ሄደች።