ከጓሮ የመጣው መዝሙር

እኔን የሚያውቅ ሁሉ ይመስክር፣ እንዲህ ዓይነት ወሬ አምኜ አላውቅም፣ "መንፈስ አየሁ" ያለኝን "ስንተኛው ጣሳ ላይ?" እያልኩ የማሾፍ፣ በደርግ ጊዜ የውይይት ክበብ ያሳደገኝ፣ ቡታጅራ ዳር ቤቴ በረንዳ ላይ ልብስ እየሰፋሁ የምኖር ሰው ነኝ፣ ይህን የምነግራችሁንም ከሌላ ብሰማው ኖሮ እስቅ ነበርና ባታምኑኝ አልቀየማችሁም።

ባለቤቴ ብርነሽ ጴንጤ የሆነችው መንግሥት በተለወጠ ሰሞን ነው። እኔ ከልክያት አላውቅም፣ እሷም ነዝንዛኝ አታውቅም፣ እሁድ ጠዋት ነጠላዋን እያጣፋች "ተካዬ፣ አብረን እንሂድ?" ትለኛለች፣ "የሰው ቀሚስ አለብኝ" እላታለሁ፣ በቃ። ጓሮ እንሰት ስትፍቅ ግን መዝሙሯ በረንዳው ድረስ ይሰማኛል፣ ድምጿ ወፈር ያለ ነው፣ ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ሁሌም ትንሽ ይሰነጠቃል፣ እመኑኝ፣ ያንን ከሺህ ሴት መሀል እለየዋለሁ።

ከዚያ ታመመች፣ ሆስፒታል ሰንብታ አረፈች። ቆርጣ የጣለችውን እንሰት ግማሹን እንኳ ሳትፍቅ ነበር የሄደችው።

ከቀብሯ በኋላ ለቅሶ ደራሹ ቀነስ ሲል፣ አንድ ቀን ከሰዓት ብቻዬን ተቀምጬ፣ ከጓሮ ክርር፣ ክርር የሚል ሰማሁ፣ የቀርከሃው መፋቂያ ጣውላ ላይ እንሰት ሲፍቅ የሚያሰማው ድምፅ ነው፣ የኛ አገር ሰው አይስተውም። የቤተ ክርስቲያን ጓደኞቿ የጀመረችው እንዳይበላሽ ሊጨርሱላት መጡ ብዬ አሰብኩ። ቀጥሎ መዝሙር ተጀመረ፣ ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ሲደርስ ድምፁ ተሰነጠቀ።

 እንደምንም ተነሥቼ እስከ ቤቱ ማዕዘን ሄድኩና ቆምኩ። ለምን ቆምክ ትሉኝ ይሆናል፣ እኛ ዘንድ ሴቶች እንሰት ሲፍቁ ወንድ አይጠጋም፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ነው የሚቀመጡት፣ ነውር ነው፣ ከልጅነቴ የተማርኩት ነውር ያን ቀንም ያዘኝ። "ማን ናችሁ?" አልኩ። መፋቁ ቀጠለ። "ብርነሽ?" አልኩ፣ አፌ እንዴት እንዳወጣው እንጃ። መፋቁ ቆመ፣ መዝሙሩ ግን ቀስ ብሎ ቀጠለ።

በዚህ መሀል ጎረቤቴ እትዬ ዘይነባ ቆጮና አይብ ይዛልኝ በፊት በር ገባች።

"አሰላሙ አለይኩም። ምነው ቆመሃል ተካ? ጓሮ ማን ነው የሚዘምረው?"

እሷም ሰምታለች ማለት ነው፣ ልብ በሉልኝ።

"እስቲ አንቺ ግቢና እይልኝ፣ እትዬ።"

ገባች፣ መዝሙሩም ጸጥ አለ። ስትመለስ ፊቷ አመድ መስሏል።

"ማንም የለም" አለችኝ፣ "ጣውላው ግን እርጥብ ነው።" ቆጮውን አስቀምጣልኝ ፈጥና ወጣች።

እሁድ ወደ ብርነሽ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ፣ ለጸሎት እንዳይመስላችሁ፣ ማን መጥታ እንደነበር ልጠይቅ ነው። ማንም አልመጣችም አሉኝ። መዘመር ሲጀምሩ ድምጿን ፍለጋ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፣ በቀጣዩም እሁድ እንዲሁ፣ እንዲህ እንዲህ እያልኩ መጽሐፉን ከፈትኩ፣ ጸለይኩ፣ ተጠመቅኩ። አሁን ከልቤ አምናለሁ። ምስክርነት ስጥ ሲሉኝ "ጌታ በመዝሙር ጠራኝ" እላለሁ፣ ውሸት አይደለም፣ ግን ሌላው ጌታን ብሎ ሲመጣ እኔ ሚስቴን ብዬ መምጣቴን መናገር ይከብደኛል።

ከዓመታት በኋላ እትዬ ዘይነባ ቆሼ ከተማ ልጇ ዘንድ ልትኖር ዕቃዋ ሲጫን፣ ያን ቀን ምን እንዳየች ለመንኳት። መኪናው ላይ ወጥታ ተቀመጠች።

"አንተ ብትገባ ይሻል ነበር፣ ተካ" አለችኝ። "እኔን አልነበረም የጠበቀችው።"

ምን ማለትሽ ነው ሳልላት መኪናው ተነሣ። ይኸው እስከ ዛሬ ሴቶቹ ሲዘምሩ ራሴን ያ ማዕዘን ላይ አገኘዋለሁ፣ ትንሽ ጠጋ ብል ኖሮ እያልኩ አለቅሳለሁ፣ አጠገቤ ያሉት መንፈስ የነካኝ ይመስላቸዋል።