የ«ማ» ካሴቶች

ሰኞ ጠዋት መዝገበ ቃላት አዘጋጇ ቢሮዋን ስትከፍት የ«ማ» ካሴቶች የሉም።

መቅረጫው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ኮምፒውተሩም አለ። ሌባው መርጦ የወሰደው፣ ሌላ ሌባ በነጻ ቢሰጡት የማይቀበለውን ነው።

ወጣትነቷን የፈጀችው በዚህች አጭር ቃል ነበር። መርከበኛ፣ ነጋዴ፣ ስደተኛ፣ ያገኘችውን ሁሉ አስቀምጣ «ማ» በአገራችሁ ምንድን ነው ትላለች። ለጣልያኑ «ግን» ነው፤ ለሀንጋሪው «ዛሬ»፤ ለቬትናሙ የሙት መንፈስ። ቻይናው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀና ሲያደርገው ፈረስ ይሆናል። እኛም በር ሲንኳኳ «ማ ነው?» እንላለን። አንዱ ካሴት ላይ ያለው፣ በቋንቋው አብሮት የሚያወራ ሰው ያጣ ብቸኛ ሽማግሌ ነው። ከተቀረጸ በኋላ ሞቷል። ቅጂ ላውጣ ባለች ቁጥር የክፍሉ ኃላፊ «በጀት የለም» ይላታል።

መርማሪዋ ፖሊስ መጣች። ቁመቷም ጥያቄዋም አጭር ነው። በሩ አልተሰበረም። ቁልፍ ያላቸው አዘጋጇ፣ ኃላፊውና ከባርኔጣው የተነሳ «ሻምበል» የሚባለው ያረጀ ዘበኛ ናቸው።

«አሮጌ ወረቀት ይሸጣሉ አሉ» አለችው ዘበኛውን።

«ሸጫለሁ፣ አልክድም። ድምፅ ግን ማን ይገዛኛል፣ ልጄ?»

«ትናንት ማን ገባ?»

«ከእንቅልፍ በቀር ማንም።»

ኃላፊው በሩን ተደግፎ ይሰማል። «ምን ያደክምሻል? እሱ ነው፤ ውሰጂውና እንገላገል። ከሰዓት መጽሐፌ ይመረቃል፣ እንግዳ አለብኝ።»

መርማሪዋ የሻምበልን ክንድ ያዘች። ዘበኛው ባርኔጣውን አውልቆ በብብቱ ሸጎጠው።

«ትንሽ ቆዪ» አለች አዘጋጇ።

ዓይኗ መደርደሪያው ላይ ቀርቷል። ያልተወሰዱትን የሌሎች ቃላት ካሴቶች የምትደረድረው በተቀረጹበት ቀን ነበር። አሁን በሌላ ሥርዓት ቆመዋል። ሌባው ሲጣደፍ ረድፉን ንዶታል፤ ከዚያም አንስቶ እጁ እንደለመደው መልሶታል። ሀንጋሪኛው ከቬትናምኛው ጎን ተሰክቷል።

«ጋሼ» አለች ወደ ኃላፊው ዞራ፣ «ሀንጋሪኛና ቬትናምኛን ምን ያገናኛቸዋል?»

«የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ስንቴ ላስተምርሽ?»

«ይህን የሚያምን ሌላ ሰው አለ?» ጠየቀች መርማሪዋ።

«ገና አልገባቸውም» አለ ኮራ ብሎ።

«ሌባው ግን ገብቶታል» አለች አዘጋጇ፣ በጣቷ ወደ መደርደሪያው እያመለከተች።

ኃላፊው አየ። ፊቱ ዓመድ መሰለ።

ካሴቶቹ የተገኙት እሱ ቢሮ፣ የተቆለፈ ቁምሳጥን ውስጥ ነው። የሟቹ ሽማግሌ ካሴት ክሩ አለ፣ ድምፁ የለም። ላዩ ላይ ዝምታ ተቀርጾበታል።

«ለምን?» አለች መርማሪዋ።

«መጽሐፌ ‹ማ› ሁሉ ከአንዲት እናት ተወለደ ይላል። ዕድሜዬን ሰጥቼዋለሁ። እሷ የጣልያኑ ‹ይበልጥ› ከሚል ጥንታዊ ቃል መጣ፣ እያንዳንዱ የየራሱ መንገድ አለው ትላለች። የሽማግሌው ‹ማ› ደግሞ ለማንም ዘመድ አልሆን አለ።» ወደ አዘጋጇ ዞረ። «ይቅር በይኝ። ስምሽን ከስሜ ጎን አትመዋለሁ። ደግሞ እኔን ያስተማርኩሽን ሰው እስር ቤት ልትከቺኝ ነው?»

«ሻምበልን ሊከቱት አልነበር? ከስምዎ ጎን አልቆምም፣ ጋሼ።»

ሻምበል ባርኔጣውን አጠለቀ። «እኔን እንኳ ይቅርታ የሚለኝ የለም» ብሎ አጉረመረመ።

አዘጋጇ ካሴቶቹን ለከሰዓት ብቻ ለመነች። መርማሪዋ ማስረጃ ነው ብላ አቅማማች፤ በኋላ ግን ኃላፊውን ጣቢያ አስረክባ ሳጥኑን ራሷ ተሸክማ ተከተለቻት።

መጽሐፉ የሚመረቅበት አዳራሽ ሞልቷል። ሕዝቡ የሚጠብቀው ኃላፊውን ነው። አዘጋጇ መድረኩ ላይ ወጥታ መቅረጫውን ማይክሮፎኑ አጠገብ አኖረች። የጣልያኑን አሰማች፤ የቻይናውን፣ የቬትናሙን አስከተለች። ከፊት የተቀመጠ አንድ ሹም «ፕሮግራሙ ላይ የለም፣ ውረጂ» አላት።

«አልወርድም።»

ከዚያ የሽማግሌውን ካሴት ከተተች። ሽሽ የሚል ድምፅ ብቻ ተሰማ። ሰዉ ተያየ። አንዱ «ተበላሽቷል» አለ።

«አልተበላሸም። ሰው አጥፍቶት ነው» አለች። «አንድ ሽማግሌ ዕድሜውን ሙሉ የተናገረው ቋንቋ እዚህ ላይ ነበር። እስኪያልቅ ትሰሙታላችሁ።»

ቆማ ጠበቀች። መርማሪዋ ወደ በሩ ሄዳ ቆመች። የወጣ ሰው አልነበረም።