ከወንዛዬ የሚሰማ ልብ

በላቸው ጫማውን ሳያወልቅ ገባ።

ታከለ ያኔውኑ ነገሩ አላማረውም። ወንዛዬ ፍል ውሃ ሲገባ ሰው ጫማውን ያወልቃል፣ መሣሪያውን ለጥበቃው ይሰጣል። ይሄ ግን ከአዲስ አበባ የመጣ አለቃ ነው፤ የአገሩ ሥርዓት ምኑም አይደል።

ታከለን ፎገራ ሜዳ የሚያውቀው በወባ መድኃኒት ረጪነቱ ነው። እውነቱ ግን ሰላይ ነው፣ የምስጢር ስሙ «እርኩም»። ዛሬ ከጋቢው ስር፣ ደረቱ ላይ፣ የክብሪት ሣጥን የምታክል የራዲዮ መሣሪያ በፕላስተር ተለጥፋለች። የልቡን ምት ያለ ሽቦ ትልካለች።

የሠራት ኢንጂነር ገብረ ሐና ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ ከማዶ ጉብታ ላይ ተቀምጧል። የሠራት የልብ ሕመምተኛ ከሩቅ እንዲታይባት ብሎ ነበር። አሁን ግን የውጭ ሰዎች እሷንም እሱንም አፍነው ሊወስዱ ይፈልጋሉ። በላቸው የመጣው እሱን በደህና ጎንደር ሊያደርስ ነው።

የታከለና የገብረ ሐና ስምምነት ቀላል ነው። ልቤ ከሮጠ ተደበቅ። ከተረጋጋ ና። ጸጥ ካለ ሞቻለሁ፤ ለእናቴ መርዶ ላክና ሐይቁን ተሻገር።

«ሐኪሙ የት አለ?» አለ በላቸው። ሐኪሙ የሚሉት ገብረ ሐናን ነው።

«ይመጣል።»

የሽጉጥ አፍ ጎኑ ላይ አረፈ።

«እሱን የሚረከቡት እኔ ያመጣኋቸው የውጭ ሰዎች ናቸው። መኪና ውስጥ እየጠበቁ ነው። ዝም ብለህ ቁም።»

ሌላ ሰው ቢሆን ልቡ በአፉ ትወጣ ነበር። የታከለ ግን አልሮጠችም። አሥር ዓመት አሠልጥኗታል።

ቱክ። ቱክ። ቱክ።

ገብረ ሐና ከጉብታው መውረድ ጀመረ።

ታከለ በድንጋዩ አጥር ክፍተት አየው። ቢጮህ በላቸው ይተኩሳል፣ መኪና ውስጥ ያሉትም ይነቃሉ። በላቸውን እንደ ናፈቀ ወንድም አቀፈው።

ተያይዘው ውሃው ውስጥ ወደቁ።

ሽጉጡ ከበላቸው እጅ አመለጠ። ከሚታጠቡት አንድ ሽማግሌ ከእግራቸው ስር አወጡትና አገላብጠው አዩት።

«አንተ፣ ለመዳኛ በተሰጠን ውሃ መግደያ ይዘህ ትገባለህ?»

«ከነጫማው እኮ ነው የገባው፣ አባቴ» አለ ሌላው።

ታጣቢው ሁሉ ራቁቱን ተረባረበበት። የመንግሥት ሰው ነኝ ቢልም ሰሚ አላገኘ።

ታከለ ደረቱን ዳሰሰ። መሣሪያዋ ሞታለች።

ገብረ ሐና መንገዱ ላይ ደርቆ ቀረ። ማዳመጫውን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። ከዚያ ፊቱን አዙሮ እያለቀሰ ወደ ሐይቁ ሮጠ።

ታከለ አልጠራውም።

በአምስተኛው ቀን፣ በወረታ ገበያ ዳር፣ የእናቱ የወይዘሮ ጸሐይነሽ ግቢ በለቀስተኛ ሞልቶ ነበር። ገብረ ሐና ሰው ልኮ መርዶውን አስነግሯቸዋል። ከለቀስተኛው መሃል ሁለት እንግዳ ሰዎች የገባውን የወጣውን ያያሉ። የበላቸው ናቸው። ገብረ ሐና የተደበቀበትን ደሴት የሚያውቅ ታከለ ብቻ ነውና የሚጠብቁት እሱን ነው።

ኩታውን እስከ ዓይኑ ስቦ በአጥሩ ሥር አለፈ። እናቱ ስሙን እየጠሩ ነው።

ወለተ ሐና የምትባል ከሩቅ የመጣች ሸክላ ሻጭ ከእንስራዎቿ መሃል ቀና አለች።

«አንተ፣ ለቅሶ ቤት እንዲህ ይታለፋል? ገብተህ እግዜር ያጥናችሁ አትልም?»

«አላውቃቸውም፣ እቴ።»

«ማወቅ ምን ያደርጋል? እናት እኮ ናት የምታለቅስ። ምን ያለ ሰው ነህ?»

የጎንደር ጭነት መኪና ላይ ወጣና ከኑግ ጆንያዎቹ መሃል ተቀመጠ።