ከጅጅጋ ስንት ሰዓት ነው?

ሐጂ ሸረፋ ቡታጅራ ባለው ግቢያቸው፣ ከደረጃው ስር ሞተው የተገኙት ጎህ ሲቀድ ነው። የራስ ቅላቸው ተሰንጥቋል፤ ጋቢያቸው ግን ታጥፎ እንደ ትራስ ከራሳቸው ስር ገብቷል። የውጭው በር መቀርቀሪያ ተከፍቷል። የተሰረቀ ነገር የለም።

ኢንስፔክተር አሰገደች ስትደርስ ጎረቤቱ ጥፋተኛውን መርጦ ጨርሶ ነበር፤ ግቢው ውስጥ የሚያድረው የሟቹ የወንድም ልጅ፣ ሙከሚል። ማታ ከሐጂ ጋር ሲጨቃጨቅ ተሰምቷል። እሷም ሰው እያየ ካቴና አጠለቀችለት።

«በምን ተጣላችሁ?»

«በአውሮፕላን» አለ ሙከሚል አንገቱን ደፍቶ። «ልጃቸውን ሳላሀዲንን ሊጠይቁ ጅጅጋ ሊበሩ ነበር። ደም ግፊት አለብዎት፣ ይቅርብዎ አልኳቸው። ‹መሐንዲስ ልጄ ያለበትን ሳላይ ልሙት?› ብለው ተቆጡ።»

አራት ሰዓት ላይ ሳላሀዲን እየጮኸ ገባ። እናቱን ወይዘሮ ዘይባን አቅፎ ሲያለቅስ አሰገደች እስኪያበቃ ጠበቀችው።

«ፈጥነህ ደረስክ።»

«ወላሂ፣ እናቴ ስትደውል ገና ጅጅጋ አልጋዬ ላይ ነበርኩ። በአውሮፕላን እኮ አንድ ሰዓት ከምናምን ነው!»

አሰገደች ወደ እናቱ ዞረች። «መቼ ነው የደወሉለት?»

«አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ። ለለቅሶ እዚህ ቅርብ እንሴኖ ከተማ አድሬ ነበር፤ ሙከሚል እንደነገረኝ ወዲያው ደወልኩለት።»

አሰገደች ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ሙከሚል እዚሁ ነው የሚያድረው። ገድሎ ቢሆን ክፍሉ ይገባል እንጂ የውጭውን በር ከፍቶ አይተወውም። ስለዚህ ከውጭ መጥቶ የሄደ ሰው አለ። ሐጂ ደግሞ በማታ ለባዳ አይከፍቱም። ሌባም የወደቀ ሰው አያንተራስም። ያ ሰው ይወዳቸዋል።»



«ሳላሀዲን፣ የቆጠርከው አየር ላይ ያለውን ብቻ ነው። ከጅጅጋ ቦሌ ከአንድ ሰዓት በላይ ነው፤ ከቦሌ እዚህ ደግሞ በመኪና ሦስት ሰዓት ግድም። ፍተሻውንና ወረፋውን ትተን፣ ስልኩን እንደዘጋህ ብትበር እንኳ አራት ሰዓት ላይ ገና መንገድ ላይ ነህ። ስልኩ ሲጠራ የት ነበርክ?»

ሳላሀዲን እናቱን ማየት አቃተው።

«እዚሁ፣ መናኸሪያው ጋ አልጋ ይዤ» አለ። «ከሥራ ከተባረርኩ ዓመት አልፎኛል። አዲስ አበባ ጓደኛዬ ጋ ተጠግቼ ነው የምኖረው። አባቴ ጅጅጋ ድረስ ሄደው እንዳያጡኝ እውነቱን ልነግራቸው መጣሁ። ‹በል ለሙከሚልም ንገረው› ብለው በደረጃው ወደ ክፍሉ ሊወርዱ ሲሉ፣ እንዳይሰማብኝ ብዬ እጃቸውን ጎተትኩ። ወደቁ።»

«ወዲያው ሞቱ?»

«ይተነፍሱ ነበር።» ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። «ብጮህ ሰው ይመጣል። ሰው ከመጣ ደግሞ ‹ከየት መጣህ?› ይለኛል። አፈርኩ።»

ወይዘሮ ዘይባ ሻሻቸውን ጎትተው ዓይናቸውን ጋረዱ። አሰገደች የሙከሚልን ካቴና ፈታች።

«ይቅርታ አድርግልኝ» አለችው። «ውጭ ላለው ሰውም ተሳስቼ እንዳሰርኩህ እናገራለሁ።»

ሙከሚል ከተቀመጠበት አልተነሣም።

«ተይው፣ ኢንስፔክተር። ሲወድቁ ሰምቻለሁ። ማቃሰታቸውንም ሰምቻለሁ። አኩርፌ ስለነበር አልወጣሁም።»